በአሥራ ሁለት ሜትር የጎደለ ቤት

ጋሽ ተኽኣ ወደ ዳቦ ቤታችን ሲገቡ መጀመሪያ የሚያዩት ዳቦውን አይደለም፤ በሩን ነው። በሩ ወደ ውጭ መከፈቱን ያያሉ፣ ከበሩ እስከ መደርደሪያው ያለው መተላለፊያ ነጻ መሆኑን ያያሉ፣ አንገታቸውን ሰገግ አድርገው ደግሞ አሠሪዬ የዱቄት ጆንያዎቹን ዛሬም የጓሮው መውጫ ላይ ቆልሎ እንደሆነ ያያሉ። ይህ ሁሉ ሲያልቅ ነው «እንዴት አደርሽ የሺ» የሚሉኝ። ጆንያው እዚያ ካለ ሰላምታው ይቆይና «ዛሬም?» ይሉኛል፣ የቆለልኩት እኔ የሆንኩ ይመስል። ከኋላቸው የተሰለፉት የቦርንሃይም አሮጊቶች ሰዓታቸውን ያያሉ። እሳቸው ግድ የላቸውም።

የሺወርቅ እባላለሁ። እዚህ ጀርመን፣ ቦርንሃይም ሰፈር፣ በርገር ሽትራሰ በሚባለው መንገድ ላይ ዳቦ መሸጥ ከጀመርኩ ስምንት ዓመቴ ነው። ከጋሽ ተኽኣ ጋር አንድ ሕንጻ ውስጥ ነን፤ እሳቸውና ባለቤታቸው እትዬ ጽጌ ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣ እኔ ከሥራቸው። ስለ እሳቸው ለሰው ሳወራ ሁልጊዜ እያሳቅኩ ነው። ይህንንም መጻፍ የጀመርኩት ለማሳቅ ነበር፤ እስከየት እንደሚሳቅ እናያለን።

ጋሽ ተኽኣ በወጣትነታቸው ቀይ ባሕር ዳር ባለ ትልቅ ወደብ አሥራ ስምንት ዓመት ሠርተዋል። የወደቡን ስም አልጽፍም፤ እሳቸውም ሲጠሩት ሰምቼ አላውቅም። «ወደቡ» ነው የሚሉት፣ በዓለም ላይ ሌላ ወደብ የተሠራ አይመስላቸውም። ሥራቸው መለካት ነበር። ወደቡ ግቢ ውስጥም ሆነ አጥሩ ዙሪያ መጋዘን ልሥራ የሚል፣ ወርክሾፕ ልክፈት የሚል፣ ለልጆቼ አንዲት ክፍል ልቀጥል የሚል ሁሉ መጀመሪያ እሳቸው ፊት ይቆማል። ከነዳጁ ስንት ሜትር ይርቃል? የእሳት አደጋ መኪና ገብቶ የሚዞርበት ቦታ አለው? ነፋሱ በየት በኩል ይመጣል? ሰው ቢሮጥ በየት ይወጣል? አራቱ ጥያቄዎች ካልተመለሱ ፊርማ የለም። ሚኒስትር ቢመጣም የለም ይላሉ፤ ሚኒስትር የመጣ ግን አይመስለኝም።

እ.ኤ.አ. በ1979 ጀርመን ሲገቡ ሌላው ስደተኛ የዚህን አገር ወረቀትና ደንብ ሲያማርር፣ እሳቸው የጠፋ ዘመዳቸውን ያገኙ ያህል ደስ አላቸው። ደንብ ተጽፎ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍበት አገር! ኦስትሃፈን በሚባለው በማይን ወንዝ ወደብ መጋዘን ውስጥ ሥራ አገኙ፤ ወገባቸው እስኪያስቸግራቸውና በጊዜ ጡረታ እስኪወጡ ዕቃ ሲያነሡና ሲያወርዱ ኖሩ። ስለ ኦስትሃፈን ሲጠየቁ ግን ፊታቸውን ያጨማድዳሉ። «ጨው የሌለው ውሃ ላይ የተሠራ ወደብ ወደብ አይባልም» ይላሉ። «ደንቡ ግን» ብለው ጣታቸውን ያነሣሉ፣ «ደንቡ ጥሩ ነው።»

የሕንጻችን ደረጃ የእሳቸው ግዛት ነው። አንደኛ ፎቅ የሚኖሩ ወጣት ባልና ሚስት ልጅ ሲወልዱ ኪንደርቫገናቸውን፣ የልጁን ጋሪ፣ ደረጃው ሥር ማቆም ጀመሩ። ጋሽ ተኽኣ ከኪሳቸው የማይለየውን የብረት ሜትር ይዘው በራቸውን አንኳኩ። ሰውዬው እስከ ዛሬ ሲያወራው ይስቃል፤ ጀርመን ለሐበሻ ስለ ደረጃ ደንብ ሲናገር እንጂ ሐበሻ ለጀርመን ሲናገር አይቶ አያውቅማ! ጋሽ ተኽኣ ጋሪው ከግድግዳው ምን ያህል እንደሚርቅ ለክተው፣ ለሰው የቀረውን መንገድ ለክተው፣ ቁጥሩን በወረቀት ጽፈው፣ ከሥሩም የደረጃውን ሥዕል ስለው ለሃውስፈርቫልቱንግ፣ ማለትም ሕንጻውን ለሚያስተዳድረው ቢሮ ላኩ። ቢሮው ሥዕሉን አባዝቶ በየበሩ ለጠፈው። ያን ሰሞን ጋሽ ተኽኣ ደረጃውን ሲወጡ ጀርባቸው ቀና ይል ነበር።

በእኛም ዘንድ አይምሩም። ሐበሻ ቤት እንግዳ ሲበዛ ጫማው ከበር ውጭ ይከመራል። ጋሽ ተኽኣ ለለቅሶ ተጠርተው መጥተው እንኳ ጫማውን በእግራቸው ገፋ ገፋ አድርገው መንገድ ሳያስለቅቁ እግዜር ያጥናችሁ አይሉም። አንድ ጊዜ ለክርስትና በተከራየነው አዳራሽ ውስጥ የአደጋ መውጫው ፊት የተደረደሩትን ወንበሮች ሁሉ ካላነሣችሁ ብለው ቄሱን አስቁመዋል። ልጃቸው ሊዋም አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ያን ቀን ጠረጴዛ ሥር ብትገባ በወደደች ነበር። «ፓፓ፣ ቢተ፣ እባክህ!» ትላለች፣ ወንበር ላይ እንደ ተጣበቀች። እሳቸው «ፍሉኽትቬግ ነው ልጄ፣ ሰው የሚያመልጥበት መንገድ ነው፣ ቢተ የለውም» ይሏታል።

እትዬ ጽጌ ከሁላችንም በላይ ያሾፉባቸዋል። ሮደልሃይም ባለ የአረጋውያን ማረፊያ ወጥ ቤት ነው የሚሠሩት፤ ቀልድ ለምደዋል። «ይህ ሰው እኔን አይቶ መሰላችሁ የመጣው?» ይላሉ። «የአባቴን መሬት ሊለካ ነው የመጣው። ረዳቱ ታሞ ቀርቶበት ነበር። ደጃፉ ላይ ቆሜ ሲያየኝ ስምሽ ማነው እንኳ አላለኝም፤ የሜትሩን ጫፍ ያዥልኝ አለኝ። ይኸው ሃያ ስድስት ዓመት ይዤለት አለሁ።» ሰው ሁሉ ይስቃል፣ ጋሽ ተኽኣም ይስቃሉ። የዚያ ልኬት ውጤት ምን እንደነበረ ግን ማንም ጠይቆ አያውቅም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

ያ መሬት ነው የእትዬ ጽጌ ሕልም። ወደቡ አጥር አጠገብ፣ ባሕሩን ፊት ለፊት የሚያይ ባዶ ቦታ ነው። አባታቸው ምንም ሳይሠሩበት አረፉ። ከነጻነት በኋላ የከተማው ማዘጋጃ ቤት ለወራሾች ደብዳቤ ሲጽፍ ለእሳቸውም ደረሳቸው፦ መሬቱ የእርስዎ ነው፣ ወደቡ ካልተቃወመ ቤት መሥራት ይችላሉ፣ መሥራት ካልተፈቀደ ግን ቦታው ወደ ወደቡ ይዞታ ይገባል። ደብዳቤው የመጣ ዕለት እትዬ ጽጌ ሦስቱንም ፎቅ እልል እያሉ ወረዱ። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ማይን ዳር በሚውለው የአሮጌ ዕቃ ገበያ ላይ ናቸው። ለቤቱ የሚሆን ዕቃ ይሰበስባሉ፤ የመስኮት መቆለፊያ፣ የነሐስ ደወል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሰማያዊ አበባ የተሳለባቸው አራት የሸክላ የበር እጀታዎች። እጀታዎቹን በፎጣ ጠቅልለው አልጋ ሥር አኑረዋል። እንግዳ ሲመጣ ያወጡና ያሳያሉ። ሊዋም አንድ ቀን በጀርመንኛ «ማማ፣ ቤት የለሽም፣ ያለሽ እጀታ ብቻ ነው» አለቻቸው። እትዬ ጽጌ ልጅቷን ትተው ጋሽ ተኽኣን ነበር ያዩት። ጋሽ ተኽኣ መስኮቱን ያዩ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1996 የጸደይ ወራት ከወደቡ ሌላ ደብዳቤ መጣ። የዚህኛው ባለ አድራሻ ጋሽ ተኽኣ ናቸው። የጻፈው ገብረሂወት የሚባል የቀድሞ ባልደረባቸው ነው፤ አሁን የወደቡ የፕላን ክፍል ውስጥ ነው። ወደቡ ሊስፋፋ ነው፣ ሦስት አዳዲስ የነዳጅ ማጠራቀሚያ ጋኖች ከአሮጌው አጠገብ ሊቆሙ ነው፣ አዲስ ፕላን እየተሳለ ነው ይላል። ቀጥሎ እንዲህ ይላል፦ «የድሮው ፋይል በጦርነቱ ዘመን ጠፍቷል። ደንቡ ‹ከጋን መቶ ሜትር ድረስ መኖሪያ ቤት አይሠራም› ይላል። ነገር ግን ያንተ ካርታ ላይ ቀይ መስመር እንደነበረ አስታውሳለሁ፤ እኔ የተቀጠርኩት አንተ ልትወጣ ስትል ስለሆነ ከየት ተነሥቶ እንደተለካ አላውቅም። ከጋኑ ግድግዳ ነው ወይስ ጋኑን ከከበበው ግንብ? አንተ የምትለውን ይዘን በአዲሱ ፕላን እናሰፍረዋለን። ካንተ በቀር የሚያውቅ የለም።»

ይህን ሁሉ ያወቅኩት በኋላ ነው። መጀመሪያ ያየሁት ጋሽ ተኽኣ መለካት ማቆማቸውን ነው።

ሰኞ ዳቦ ቤት ገቡና ቀጥታ ወደ እኔ መጡ፤ በሩን ዞር ብለውም አላዩት። ጆንያው የጓሮው በር ላይ እስከ ጣሪያ ተቆልሏል። «ሁለት ብሮትሸን» አሉኝ፣ ትንንሾቹን ዳቦዎች እያሳዩ። ማክሰኞም እንዲሁ። ረቡዕ የአንደኛ ፎቁ ሰውዬ ጋሪውን ለጊዜው ደረጃው ሥር አቁሞት ኖሮ፣ ጋሽ ተኽኣ በጎኑ ተጣብቀው አለፉ። ሰውዬው ደነገጠ። በሬን አንኳኩቶ «ሄር ተኽኣ ታመዋል እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ። ሐሙስ ዕለት የራሳቸውን ጫማ ደጃፋቸው ላይ፣ መሐል መንገድ ላይ ጥለውት አየሁ። ሳቄ መጣ፤ ከዚያ ደግሞ ፈራሁ። ሰውን በአንድ ጠባዩ ስታሾፍበት ኖረህ ያ ጠባይ ድንገት ሲጠፋ ደስ የሚል ነገር አይደለም።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ እትዬ ጽጌ ከሥራ ሳይመለሱ፣ ጋሽ ተኽኣ ቤቴ መጡ። ወረቀትና ብዕር ይዘዋል።

«የሺ፣ ያንቺ እጅ ጽሕፈት ያምራል። አንድ ደብዳቤ ጻፊልኝ።»

«ይግቡ ጋሽ ተኽኣ። የእርስዎ እጅ ምን ሆነ?»

«ይንቀጠቀጣል» አሉ።

የገብረሂወትን ደብዳቤ አሳዩኝ፤ አነበብኩት። ከዚያ እየተቀመጡ እየተነሡ ያጽፉኝ ጀመር። ሰላምታው ረጅም ነበር፣ የዘመድ አዝማዱ ጤና ተጠየቀ፣ የሞቱት ሁሉ ነፍሳቸው ይማር ተባለ። ዋናው ነገር ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ወረደ። «ካርታው በእጄ የለም በይ።»

ብዕሬን አቆምኩ። ካርታው እንዳላቸው ቦርንሃይም ሁሉ ያውቃል። ቡናማ ሻንጣቸው ውስጥ ነው፣ በጨርቅ ላይ የተለጠፈ ትልቅ ወረቀት፤ ለኔ ሦስት ጊዜ አሳይተውኛል፣ ቧንቧ ሊጠግን ለመጣ ሰውም አሳይተዋል። ሰውዬው ቧንቧውን ትቶ አንድ ሰዓት ስለ ወደብ ተምሮ ነው የሄደው።

«ጻፊ እንጂ» አሉኝ። ጻፍኩ። «የጥንቃቄው ርቀት የሚለካው ከጋኑ ግድግዳ ነው በይ።» እሱንም ጻፍኩ። ወረቀቱን አዙሬ ለፊርማ ሰጠኋቸው። ብዕሩን ያዙ፤ አልፈረሙም። ተነሥተው ከወጥ ቤቴ መስኮት ጀምረው ኮሪደሩን ይዘው እስከ ደረጃው በር ድረስ በእርምጃ ሄዱ፣ ተመለሱ።

«ከዚህ እዚያ ስንት ይመስልሻል?»

«እኔ ምን አውቃለሁ ጋሽ ተኽኣ።»

«አሥራ ሁለት ሜትር ነው። የእኛም ቤት ልክ እንዲሁ ነው። የጽጌ አባት መሬት ከጋኑ ግድግዳ ሲለካ መቶ ሃያ ስምንት ሜትር ይመጣል፤ ያልፋል። ከክቡ ግንብ ሲለካ ሰማንያ ስምንት ነው። በአሥራ ሁለት ሜትር ይወድቃል። የዚች የቤትሽ ርዝመት ያህል ናት እንግዲህ።»

ነገሩ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። አባትየው ለምን ሳይሠሩበት እንደሞቱም ገባኝ። ጋሽ ተኽኣ ሊስቁበት ቢሞክሩም አልሆነላቸውም፤ እኔም አልሳቅኩም።

«ደንቡ ‹ከጋን› ነው የሚለው» አልኳቸው። «ግንብ አይልም። ዋሹ የሚልዎት የለም።»

«አይልም» አሉ። «ግንቡን ያመጣሁት እኔ ነኝ።» ከዚያ ወንበሩ ላይ ቁጭ አሉና ስለ ሓሚድ ነገሩኝ። በዚህ ሁሉ ዓመት ስሙን አንድም ቀን አንሥተውት አያውቁም።

ሓሚድ የወደቡ ዘበኛ ነበር፣ የልብ ጓደኛቸው። ቤት ልሥራ ብሎ መጣ። ጋሽ ተኽኣ ደንቡ እንደሚለው ከጋኑ ግድግዳ ለኩለት፤ መቶ አራት ሜትር ሆነ፣ ፈረሙለት። ሓሚድ በግ አርዶ ጋበዛቸው። በጋኑ ዙሪያ፣ ነዳጅ ቢፈስ ርቆ እንዳይሄድ የሚያግድ ክብ ግንብ አለ፤ ከጋኑ አርባ ሜትር ወጣ ብሎ ነው የቆመው። በሁለተኛው ዓመት፣ በጠራራ ቀን፣ ከመርከብ ነዳጅ ሲገለበጥ ጋኑ ሞልቶ ፈሰሰ። ግንቡ ሥራውን ሠራ፣ ነዳጁን አንድ ጠብታ አላሳለፈም። ነዳጁ ግን ግንቡ ጥግ ድረስ ሞላና እሳት ያዘው። «እሳቱ የነደደው ጋኑ ጋ አይደለም» አሉኝ። «ግንቡ ጋ ነው። ከሓሚድ ቤት ስልሳ አራት ሜትር ላይ። ነፋሱም ወደዚያ ነበር።»

የሓሚድ ቤት መውጫው አንድ ቀጭን መተላለፊያ ነበር። ጎረቤቱ ዓሣ አጥማጅ ጀልባውን ቅጥራን ሊቀባ እዚያው ውስጥ ገልብጦት ሄዷል። ሓሚድ ሚስቱንና ሁለት ልጆቹን አንድ በአንድ በጀልባው ላይ አሻገረ። አሮጊት እናቱን ሊያወጣ ተመልሶ ገባ። አልወጡም።

«ጀልባ ነበር፣ የሺ» አሉኝ። «ለአንድ ቀን ብቻ የተቀመጠ ጀልባ።»

እኔ ስለ ኪንደርቫገን ስንት ጊዜ እንዳሳቅኩባቸው አስታወስኩና አፈርኩ። ከእሳቱ ወዲህ ነው እንግዲህ ቀዩን መስመር ከግንቡ ጀምረው ያሰመሩት። አለቆቻቸው ደንቡ እንዲህ አይልም ሲሏቸው «እንግዲያው ሌላ ሰው ይፈርም» አሉ፣ ሌላ የሚፈርም አልተገኘም፣ መስመሩ ጸደቀ። በዚያ መስመር የመጀመሪያው የተከለከለ መሬት የአንድ ሽማግሌ ነበር፤ ሽማግሌው ሴት ልጅ ነበረችው።

«አዲሶቹ ጋኖችም ሲመጡ በዚሁ ነው የሚለኩት» አሉ ወረቀቱን እያዩ። «በዚህ በኔ ቃል። አጥሩ ዳር ስንት ሰው እንደሚሠራ ታውቂያለሽ?» አላውቅም። እሳቸውም አያውቁም። «ጽጌ ደግሞ እጀታ ገዝታለች» አሉና ዓይናቸው ሞላ።

ሻይ ጥጄ ቀዳሁላቸው። አልጠጡትም። በመጨረሻ የጻፍኩትን ወረቀት አራት ላይ አጠፉና ኪሳቸው ከተቱት።

«ሌላ ወረቀት አምጪ፣ ጓለይ፣ ልጄ።»

ሁለተኛው ደብዳቤ አጭር ነበር። የዘመድ ጤና እንኳ አልተጠየቀበትም። ርቀቱ የሚለካው ከክቡ ግንብ የውጭ ጠርዝ ነው፣ ምክንያቱም እሳቱ የሚቆመው እዚያ ነው፤ ካርታው አብሮ ተልኳል፤ በመስመሩ ውስጥ የባለቤቴ መሬት ይገኝበታል፣ እሱም እንደ ሌላው ይታይ። ፈረሙ። ፊርማው ጠመም አለ፤ አይተው ተናደዱና ከሥሩ ደግመው ፈረሙ። ፖስታ ቤት አብረን ሄድን፣ በአደራ ደብዳቤ ላክነው። የፖስታ ቤቱን በር ሲወጡ ወደ ውጭ እንደሚከፈት ገፋ አድርገው አዩ። እሰይ አልኩ በልቤ።

«ለጽጌ እኔ ነኝ የምነግራት» አሉኝ። «ቀን ፈልጌ። አደራ።»

በማግስቱ ጠዋት ዳቦ ቤቱ ሳይከፈት የዱቄት ጆንያዎቹን ከጓሮው መውጫ አንድ በአንድ አነሣኋቸው። አሠሪዬ ምን ሆንሽ አለኝ። ጀልባ ነው አልኩት። አልገባውም፣ እኔም አላስረዳሁት።

ጋሽ ተኽኣ ወደ ጠባያቸው ተመለሱ፤ ጋሪው ተነሣ፣ ጫማው ተሰበሰበ። ቀኑ ግን አልተገኘም። ሰኞ እትዬ ጽጌ ደክሟቸዋል ይላሉ፣ ማክሰኞ ሊዋም ፈተና አለባት ይላሉ፣ ቅዳሜ ደግሞ ባለቤታቸው ከገበያ በደስታ ሲመለሱ እንዴት ብዬ? ይላሉ። ደረጃው ላይ ስንገናኝ በዓይኔ እጠይቃቸዋለሁ፣ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። በየመተላለፊያው የማንንም ፊት የማይፈሩ ሰው ሚስታቸውን ፈርተው አምስት ሳምንት አለፈ። አሾፍኩባቸው እንኳ። «እንደ ቢሮ ቀጠሮ ቴርሚን ልያዝልዎት?» አልኳቸው። አልሳቁም።

አንድ እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ጋሽ ተኽኣን ደረጃው ሥር አገኘኋቸውና አብረን ወጣን። ከላይ የመዶሻ ድምፅ ይሰማል፣ ቀጥሎ የብረት መፋቅ። ሦስተኛ ፎቅ ስንደርስ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። እትዬ ጽጌ የነጠላቸውን ጫፍ ወገባቸው ላይ አስረው፣ ብሎን መፍቻ ይዘው፣ የወጥ ቤቱ በር ፊት ተንበርክከዋል። የአከራዩ ጥቁር እጀታ ወለሉ ላይ ወድቋል። በቦታው ሰማያዊ አበባ ያለበት የሸክላ እጀታ ተገጥሟል። የመኝታ ቤቱ በር ላይም አለ። የሊዋም በር ላይም አለ። የመታጠቢያ ቤቱም በር ላይ አለ፤ አራተኛው ይህ የወጥ ቤቱ ነው፣ ብሎኑ ብቻ ቀርቶታል።

ጋሽ ተኽኣ ኮሪደሩ አፍ ላይ ቆመው ቀሩ።

«ጽጌ» አሉ። «የዚያ የመሬቱ ነገር... ደብዳቤ ጽፌ ነበር...»

እትዬ ጽጌ ቀና አላሉም። ብሎኑን እያጠበቁ «ፖስታ ሳጥኑን በየቀኑ የምከፍተው ማነው?» አሉ። «የገብረሂወት ደብዳቤ የመጣው በኔ እጅ ነው፤ አንብቤዋለሁ። ሻንጣህ ውስጥ ካርታው የለም፤ ልትዋሽ ብትል ካርታውን አትልክም ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት አብሬህ ኖሬ ይህ ይጠፋኛል?»

«ልነግርሽ ነበር።»

«ምኑን ነው የምትነግረኝ? ተኽኣ፣ የሜትሩን ጫፍ የያዝኩት እኔ አልነበርኩም? ግንቡ ላይ ቆሜ የያዝኩት እኔ ነኝ። አሥራ ሁለት ሜትር እንደሚጎድል ካንተ እኩል አውቃለሁ። ማዘጋጃ ቤቱ ያን ጊዜ ፋይሉ ጠፋ ሲለኝ መስመሩም የጠፋ መሰለኝ እንጂ።»

እኔ መሄድ ነበረብኝ። አልሄድኩም።

«ታዲያ ደብዳቤውን አይተሽ ለምን ዝም አልሽ?»

«ምን እንደምትጽፍ ልይ ብዬ።»

«ሌላ ጽፌ ቢሆንስ?»

እትዬ ጽጌ ያን ጊዜ ብሎን መፍቻውን አስቀምጠው ቀና አሉ። ዓይናቸው ቀልቷል፤ ከመምጣታችን በፊት አልቅሰዋል። «ቤቴን እሠራ ነበራ!» አሉ ቆጣ ብለው። «እሠራና ባሕሩ ፊት ቁጭ ብዬ፣ ሓሚድን ረሳኸው እያልኩ ዕድሜ ልኬን ስወቅስህ እኖር ነበር። አሁን ሁለቱም ቀረብኝ።»

ጋሽ ተኽኣ ሳቁ፤ ሳቁ መሐል ላይ ተሰበረና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ትከሻቸው ይነቃነቅ ነበር። እትዬ ጽጌ ተነሥተው አልያዟቸውም፤ እስኪጨርሱ ጠበቋቸው። ከዚያ «ና» አሏቸው፣ «በሩ ወደየት እንደሚከፈት እይልኝ። ደግሞ ይህ አከራይ ቢመጣ ምን እንደምትለው ከአሁኑ አስብ።»

ጋሽ ተኽኣ ዓይናቸውን በእጅጌያቸው ጠርገው ሄዱ፣ ሰማያዊውን እጀታ ያዙ፣ ቀስ ብለው ከፍተው ዘጉት፣ ደግመው ከፈቱት። ከኪሳቸው ሜትሩን አወጡ። ጫፉን ዘረጉላቸው። እትዬ ጽጌ ያዙ።